በአየር ስለ ቆመው የልጆች ቤት

ባለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ የቆየ ወዳጃችን የሴት ልጁን የሰባተኛ ዓመት የልደት በዓል አብረነው እንድናከብር ጠርቶን ወደ ቤቱ ሄደን ነበር። የግቢውን በር አልፈን እንደ ገባን መጀመሪያ ዓይናችንን የሳበው የተሰናዳው ማእድ ወይም የተሰበሰበው እንግዳ አልነበረም፤ በሣሩ መካከል በቀይና በቢጫ ቀለም ያጌጠ፣ በአራቱም ማዕዘን ግንብ ያለው፣ ቁመቱ ከቤቱ ጣሪያ ክፈፍ የሚተካከል አንድ ቤተ መንግሥት ቆሞ አየን። ቤተ መንግሥቱ ግን ድንጋይም እንጨትም የለበትም። ከጠንካራ ሸራ ተሰፍቶ በኤሌክትሪክ ሞተር አየር እየተነፋበት የሚቆም የልጆች መዝለያ ነው፤ በከተማችን ልጆችም ወላጆችም «ጃምፒንግ» ይሉታል።

ከውስጡ ሃያ ያህል ልጆች ይዘላሉ። የአራት ዓመቱ ሕፃን ከዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ ጋራ ተደባልቆ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየወደቀ፣ ሣቃቸው እስከ አውራ ጐዳናው ይሰማል። ወላጆቻቸው በበረንዳው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጨዋወታሉ፤ ልጆቹ ጨዋታ ስላገኙ እነርሱም ዕረፍት አግኝተዋል። ነገሩ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ልጆቹን ቀርበን ለማየት መዝለያውን በዙሪያው ዞርነው።

በጐንና በጐኑ፣ ከመሬቱ አጠገብ፣ ስድስት የብረት ቀለበቶች ተሰፍተውበታል፤ በየቀለበቱም ገመድ አለ። ከስድስቱ ገመዶች ሁለቱ ብቻ ታስረዋል፤ አንደኛው በሮማን ዛፍ ግንድ፣ ሁለተኛው አበባ በተተከለበት ገንቦ አንገት። አራቱ ግን እንደ ተጠቀለሉ በሣሩ ላይ ተጋድመዋል። መዝለያውን ያመጣው ወጣት ከሞተሩ አጠገብ በትንሽ ወንበር ተቀምጦ ነበርና «ልጄ፣ እነዚህ ገመዶች ስለ ምን አልታሰሩም?» ብለን ጠየቅነው። እርሱም ተነሥቶ በትሕትና «ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ነፋስ የለም፤ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ክብደት ይሆኑታል» ብሎ መለሰልን።

ይህ መልስ ከክፋት ወይም ከስንፍና የመጣ አይደለም። ለሰሚው እውነት ይመስላል፤ ብዙ አባትና እናትም ቢጠየቁ ይህንኑ ይመልሱ ነበር። ስለዚህም ነው የዛሬውን የቤተ ሰብ ገጻችንን ለዚህ ነገር የሰጠነው። አንባቢዎቻችን በመሥሪያ ቤታቸው ብዙ የከበደ ጕዳይ እንዳለባቸው እናውቃለን፤ ነገር ግን ይህን መዝለያ ለበዓል በግቢያቸው የሚያስተክሉት፣ ልጆቻቸውንም ወደ ባዛርና ወደ መናፈሻ የሚልኩት እነርሱ ራሳቸው ናቸው።

በቅድሚያ ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ ባጭሩ እንናገር። በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ በአሜሪካ በሉዊዚያና ክፍለ አገር በሽሪቭፖርት ከተማ፣ ጆን ስከርሎክ የሚባል መሐንዲስ ለቴኒስ መጫወቻ ሜዳ በአየር የሚነፋ ሽፋን ይሠራ ነበር። ሠራተኞቹ በተነፋው ሽፋን ላይ ወጥተው እየዘለሉ ሲደሰቱ አየ፤ ከዚያም ለመዝለል ብቻ የሚሆን አንድ ትልቅ የአየር ፍራሽ አበጀ። በመጀመሪያ ግድግዳ አልነበረውም፤ ግድግዳው በኋላ የመጣ ነው። ይኸው ሰው ከሚቃጠል ቤት ፎቅ ለሚዘል ሰው ማረፊያ የሚሆን የአየር ትራስም ለእሳት አጥፊዎች ሠርቷል ይባላል። እንግዲህ ያው አየርና ያው ሸራ፣ አንድ ጊዜ ሰውን ከሞት የሚያድን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ቸል ሲሉት ሕፃንን የሚጐዳ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወጣቱ ወደ ነገረን ነገር እንመለስ፤ ይኸውም ነፋስ የለም፣ ልጆቹም ክብደት ይሆናሉ ስላለው ነው።

ከአውስትራልያ በስተ ደቡብ ታዝማኒያ የምትባል ደሴት አለች፤ በሰሜን ጠረፏም ዴቨንፖርት የተባለች ከተማ ትገኛለች። በዚያ አገር ታኅሣሥ የበጋ ወር ነው፤ የትምህርት ዓመትም የሚፈጸመው ያን ጊዜ ነው። ታኅሣሥ 7 ቀን 2014 ዓመተ ምሕረት በሂልክረስት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የዓመቱ ማብቂያ በዓል ይከበር ነበርና በሜዳው ላይ እንዲህ ያለ መዝለያ ተተክሎ ልጆቹ በየተራቸው ይጫወቱ ነበር። ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ዐውሎ ነፋስ ድንገት ተነሥቶ መዝለያውን ከነልጆቹ ከመሬት ነቀለው። ልጆቹ 10 ሜትር ከሚያህል ከፍታ ወደቁ። ስድስት ልጆች ሞቱ፤ ሌሎች ሦስት ልጆችም በብርቱ ቈሰሉ። የሞቱት ሁሉ 11 እና 12 ዓመት የሆናቸው ነበሩ። ማለዳ ቍርስ አብልታ፣ «ዛሬ የጨዋታ ቀን ነው» ብላ ልጇን የሸኘች እናት ቀኑ ሳይመሽ ምን እንደ ሰማች እያንዳንዱ ወላጅ በልቡ ያስበው።

የመዝለያው አከራይ ተከሰሰች። ከሳሹም ካሉት ስምንት ማሰሪያዎች አራቱ ብቻ በካስማ ተይዘው ነበር ብሎ ተከራከረ። በ2017 ዓመተ ምሕረት ግን ዳኛው ተከሳሽዋን በነጻ አሰናበቱ። የፍርዱም ምክንያት፣ አከራይዋ ከዚያ የበለጠ ጥንቃቄ ልታደርግ ትችል እንደ ነበር፣ ሆኖም የተነሣው ዐውሎ አስቀድሞ ሊታወቅ የማይቻል ስለ ነበረ፣ ጥንቃቄውን ሁሉ ብታደርገውም ኖሮ ውጤቱ እንደማይለወጥ የሚገልጽ ነው። በሕግ ረገድ ይህ ፍርድ ለተከሳሽዋ ነጻነት ነው። እኛ ግን እንደ ወላጅ ስናነበው ከቅጣት ፍርድ ይልቅ አስፈራን፤ ከካስማም በላይ የሆነ ነፋስ እንዳለ ይናገራልና።

ይህ ዐውሎ ምንድን ነው? አገራችንን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። በበጋ፣ በጠራ ሰማይ፣ ፀሐይ በበረታች ጊዜ በታረሰ ማሳ ወይም በባዶ ሜዳ ላይ አቧራና ገለባ እያዞረ እንደ ዐምድ የሚነሣውን ነፋስ በባላገር ያደገ ሁሉ አይቶታል። መሬቱ ሲግል በላዩ ያለው አየር ይሞቅና እየተሽከረከረ ወደ ላይ ይወጣል። ደመና አይቀድመውም፤ ነጐድጓድም አያውጅለትም። እንዲያውም የሚነሣው ሰው ሁሉ «ዛሬ ምን ያለ ያማረ ቀን ነው» በሚልበት ቀን ነው። ስለዚህ «ዛሬ ነፋስ የለም» ማለት «እስካሁን ነፋስ አልመጣም» ከማለት የበለጠ ትርጕም የለውም።

ሌላው ነፋስ ደግሞ የሚታወቀውና የሚጠበቀው ነው። በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ አውራጃ በሃርሎ ከተማ መጋቢት 17 ቀን 2008 ዓመተ ምሕረት አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ በውስጡ ሳለች መዝለያው ከታሰረበት ተነቅሎ 300 ሜትር ያህል ቍልቍለቱን እየተንከባለለ ወሰዳት፤ ሕፃኒቱም ሞተች። በ2010 ዓመተ ምሕረት ሁለት የመጫወቻው ሠራተኞች መዝለያውን በሚገባ ባለማሰራቸውና የአየሩን ጠባይ ባለመከታተላቸው ነፍስ በማጥፋት ጥፋተኛ ተብለው እያንዳንዳቸው የ3 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። በስፓንያም በቫሌንሲያ አጠገብ በሚስላታ ከተማ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓመተ ምሕረት፣ ይኸውም ከዴቨንፖርቱ አደጋ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ በበዓል ባዛር ላይ የተተከለ መዝለያን ነፋስ ነቅሎ ሁለት ሴቶች ልጆች ሞቱ።

በአሜሪካ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የአየር ጠባይ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን አደጋ ከየአገሩ ሰብስበው ቈጥረውታል። በአውሮጳውያን አቈጣጠር ከ2000 እስከ 2021 ባለው ዘመን ነፋስ ያደረሰው አደጋ ቢያንስ 132 ሆኖ አገኙት፤ በእነዚህም 28 ሰዎች ሞቱ፣ 479 ቈሰሉ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ በዓለም ሁሉ፣ ይህ ብዙ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ልጆቻችን በየዕለቱ በመንገድ ላይ የሚጋፈጡት መኪና ከዚህ እጅግ የበለጠ ያስፈራል። ነገር ግን ይህ አደጋ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ካስማና በአንድ ንቁ ሰው የሚከለከል ነውና ትንሽ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ልጆቹ ክብደት ይሆኑታል የሚለው ግን ፈጽሞ ስሕተት ነው። መዝለያው ግዙፍ ሆኖ ሳለ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰዎች ጠቅልለው በመኪና ላይ ይጭኑታል። ግድግዳው ለነፋስ እንደ መርከብ ሸራ ነው። ነፋሱም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል እንጂ። ልጆቹ ደግሞ ከሸራው ጋራ የተሰፉ አይደሉም። አንዱ ጐን ከመሬት ብድግ ሲል ሁሉም ወደ ሌላው ጐን ይንሸራተታሉ፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ከሥር ይገባና መዝለያው ይገለበጣል። ስለዚህ ልጆቹን የመዝለያው መያዣ ማድረግ፣ በጉን የበረቱ መዝጊያ እንደ ማድረግ ነው።

በአውሮጳ ለዚህ ነገር የወጣ ደንብ አለ። ማንኛውም መዝለያ ቢያንስ ስድስት ማሰሪያ እንዲኖረው ያዛል፤ ትልቁ ደግሞ ከዚያ በላይ። ካስማው የብረት ሆኖ ርዝመቱ ከ38 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም ከ16 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። ግቢው ድንጋይ ወይም ስሚንቶ የተነጠፈበት ሆኖ ካስማ የማይገባ እንደ ሆነ በእያንዳንዱ ማሰሪያ ከ160 ኪሎ የሚበልጥ ክብደት ይታሰራል። ይህን ቍጥር ያነበበ ሰው የአበባ ገንቦን እንደ ማሰሪያ አይቈጥርም። ነፋሱም በሰዓት ከ38 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መዝለያው ሥራውን ያቆማል። ነፋስ የሚለካ መሣሪያ በቤቱ ያለው ሰው ጥቂት ነውና ምልክቱን ለሚፈልግ፣ ቅጠል የለበሱ ትንንሽ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ሲጀምሩ ያ መጠን ደርሷል ማለት ነው። እኛ ግን እስከዚያ ድረስ መጠበቅን አንመክርም፤ የሸራው ግድግዳ በነፋስ ሲገፋ ከታየ ልጆቹን ማስወጣት ይበቃል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነፋስ ነው፤ ነፋስ ጥቂቱን ይገድላል። ብዙዎቹን የሚጐዳው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም ራሱ ጨዋታው ነው።

በአሜሪካ በኦሃዮ በኮለምበስ ከተማ ያለ የሕፃናት ሐኪም ቤት መርማሪዎች በአውሮጳውያን አቈጣጠር በ2012 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከ1990 እስከ 2010 በዚያ አገር በእንዲህ ያለው መዝለያ ተጐድተው ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል የተወሰዱ ልጆች ቍጥር 64,657 እንደሚገመት አስታወቁ። በ2010 ብቻ 11,311 ነበሩ፤ ይህም በቀን 31 ልጆች፣ ወይም በየ46 ደቂቃው አንድ ልጅ ማለት ነው። ከ1995 ጀምሮ በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ቍጥሩ 15 እጥፍ ጨመረ፤ መዝለያው በየቦታው ስለ በዛ ነው። ከመቶው ጕዳት 27 ያህሉ የአጥንት ስብራት፣ ያንኑ ያህሉ ወለምታና የጅማት መሳብ ነበር። እግር ይበልጥ ይጐዳል፤ ክንድ ይከተለዋል፤ ከመቶው 18 የሚሆነው ደግሞ ራስና አንገት ነው።

ወለሉ እንደ ፍራሽ የለሰለሰ ሆኖ ሳለ አጥንት የሚሰበረው ስለ ምንድን ነው? ይህን ስንመረምር ወላጆች በልስላሴው እንደሚታለሉ ተረዳን። አየር የተነፋ ወለል የዘለለበትን ሰው ኀይል ተቀብሎ መልሶ ይሰጣል፤ የሚሰጠው ግን ለባለቤቱ ብቻ አይደለም። የ40 ኪሎ ልጅ ሲያርፍ ከአጠገቡ ያለው የ15 ኪሎ ሕፃን ባላሰበው ጊዜ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ሲመለስም እግሩን አመቻችቶ አያርፍም፤ በእጁ፣ በክርኑ ወይም በአንገቱ ይወርዳል። ወይም ትልቁ ልጅ ራሱ መጥቶ በላዩ ይወድቅበታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር የብረት ጠምዛዛ ስላለው መዝለያ፣ ትራምፖሊን ስለሚሉት፣ የመረመረው ይህንኑ ያስረዳል፤ ከአራቱ ጕዳት ሦስቱ የደረሰው ከአንድ በላይ ሰው አብሮ ሲዘል ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚጐዳው በዕድሜና በክብደት ያነሰው ነው። የአየሩም መዝለያ በዚህ ጠባዩ ወንድሙ ነው።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ያየነው የአራት ዓመቱና የዐሥራ ሁለት ዓመቱ ልጅ መደባለቅ ከአራቱ ያልታሰሩ ገመዶች ያላነሰ ጥፋት ነበር። እኛ ኢትዮጵያውያን ታናሹን ለታላቁ አደራ መስጠት ልማዳችን ነው፤ «ወንድምህን ያዝ» ብለን እንልካቸዋለን። ይህ በመንገድና በቤት መልካም ነው። በመዝለያ ውስጥ ግን ታናሹን የሚሰብረው እርሱኑ ሊጠብቀው የገባው ታላቁ ነው፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ከብዶ። ስለዚህ ትንንሾቹ ለብቻቸው፣ ትልልቆቹም ለብቻቸው በተራ ይግቡ። ስንት ልጅ እንደሚበቃው በመዝለያው ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ጽሑፉ የሌለበትን አለመከራየት ነው። ጫማ፣ መነጽር፣ የጠጕር መርፌ፣ ሐብልና ቀበቶ ከውጭ ይቀመጥ። ማስቲካም ሆነ ዳቦ በአፍ ይዞ መግባት አይገባም፤ ትን ይላልና። መገለባበጥና በግድግዳው ላይ መንጠልጠል የሚወድ ልጅ ተራውን ያጣል። በመግቢያው ፊት ወፍራም ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ልጅ ከለስላሳው ተስፈንጥሮ የሚወድቀው በዚያ በኩል ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለከተማችን ይልቁን ይመለከታል፤ መብራት ይጠፋል። ሞተሩ ሲቆም ግድግዳውና ግንቡ እየላላ በልጆቹ ላይ ይወርዳል። ሕፃን በዚያ ሸራ ሥር ሲሸፈን በፍርሃት ይጮኻል፤ ሌሎቹም ረግጠውት ይሮጣሉ። ሞተሩ ድምፁን ሲለውጥ ወዲያው ሰምቶ፣ ሸራውን በመግቢያው በኩል ከፍ አድርጎ ይዞ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ የሚያወጣ ዐዋቂ ሰው ከአጠገቡ መቆም አለበት። ያም ሰው ጠባቂነቱን ብቻ ሥራው ያደርጋል፤ በአንድ እጁ ብርጭቆ፣ በሁለተኛው ስልክ የያዘ እንደ ጠባቂ አይቈጠርም። አንዲት ሞግዚት ለሃያ ልጅ ትበቃለች ማለትም የማይሆን ነው።

ይህን ሁሉ ተጠንቅቆም አንድ ልጅ ወድቆ ክንዱን ቢጐዳ ምን ይደረጋል? በዚህ ላይ ጥቂት እንቈይ፤ በአገራችን ከአደጋው ይልቅ ከአደጋው በኋላ የሚደረገው ነገር የጐዳቸው ልጆች አሉና። በተዘረጋ እጁ ላይ የወደቀ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ከክርኑ ከፍ ብሎ ነው፤ በዚያም ቦታ ደም ወደ እጅ የሚወስደው ሥር በአጥንቱ አጠገብ ያልፋል። ክንዱ ካበጠ ወይም ቅርጹ ከተለወጠ፣ ልጁም ማንቀሳቀስ ከተሳነው፣ ማሸትም ሆነ መጐተት አይገባም። እንዳለ በነጠላ ወይም በሻሽ ከደረቱ ጋራ ቀስ አድርጎ ደግፎ፣ የሚበላና የሚጠጣ ሳይሰጡ ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው።

ወጌሾቻችንን አናቃልልም፤ ብዙ ሰው ምስክር ይሆንላቸዋል። ነገር ግን የተሰበረ ክንድ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር የደሙ መንገድ ተዘግቶ ሥጋው የሞተበት፣ ክንዱም የተቈረጠ ሕፃን በአገራችን ሐኪም ቤቶች መታየቱን ሐኪሞቻችን በጽሑፋቸው መዝግበውታል። የታሰረ ክንድ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ ወይም ከጠቈሩ፣ ልጁ ጣቱ ሲነካ የማይሰማው ከሆነ፣ ሕመሙም እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ እየባሰ ከሄደ፣ ያሰረው ማንም ይሁን ማሰሪያው በዚያው ሰዓት መፈታት አለበት፤ ነገ ማለት አይገባም። በአንገቱ ወይም በራሱ የወደቀ ልጅ ደግሞ ካለበት አይነሣም፤ በተለይ አንገቴን አመመኝ ካለ ወይም እጅና እግሩ ከደነዘዘ ሐኪም እስኪመጣ ራሱን ሳያንቀሳቅሱ ይዞ መቆየት ነው። ከወደቀ በኋላ የሚያስታውክ ወይም ያለ ሰዓቱ የሚያንቀላፋ ልጅ «ደክሞት ነው» ተብሎ አይተኛም።

እነሆ የምናውቀውን ጻፍን። ለመጻፍ ግን ቀላል ነው፤ የሚከብደው በሰው ቤት፣ በሰው በዓል ላይ መናገሩ ነው። በዚያ ቅዳሜ ወጣቱ ያንን መልስ ከሰጠን በኋላ ራሳችን ጥቂት አመነታን። እንግዳ ሆነን ተጠርተን የቤቱን ጌታ በእንግዶቹ ፊት ልናሳፍረው ነውን? ሕፃናቱስ በመካከለኛው ሣቃቸው ውጡ ቢባሉ ምን ይላሉ? ይሉኝታ የሚባለው ነገር አፋችንን ሊዘጋው ነበር። ብዙ ወላጅም በዚህች ሰዓት ዝም እንደሚል እናምናለን፤ አደጋውን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን፣ «ይህ ሰው አጕል ጠንቃቃ ነው» እንዳይባል።

በመጨረሻ ወዳጃችንን ለብቻው ጠርተን ገመዶቹን አሳየነው። እርሱም ፈገግ ብሎ «ጌታዬ፣ የልጆች ጨዋታ እኮ ነው፤ ደግሞ ሊጨርሱ ነው» አለን። ያን ጊዜ በበረንዳው ጫፍ ተቀምጠው የነበሩት እናቱ ንግግራችንን ሰምተው ኖሮ በምርኩዛቸው ተደግፈው መጡና ገመዱን አይተው «አንተ ልጅ፣ ድንኳን ያለ ካስማ ሲቆም የት አየህ?» አሉት። ወዳጃችንም ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ወጣቱ ወደ ሞተሩ ሮጦ ሊያጠፋው ሲል እኛ እጁን ያዝነው፤ ልጆቹ ገና ከውስጥ ነበሩና። ሁለት እናቶች በመግቢያው ቆመው ልጆቹን እየቈጠሩ አወጧቸው፤ ሃያ አንድ ሆኑ። አንዳንዶቹ አለቀሱ። ካስማዎቹ የት እንዳሉ ብንጠይቀው ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው ሄደና በጆንያ ይዟቸው መጣ፤ ስድስት የብረት ካስማዎች ከነመዶሻቸው፣ ገና ዝገት እንኳ ያልነካቸው። ሣሩ ዝናብ ጠጥቶ ስለ ነበረ ለመትከል ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከሥራው መካከል ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እስካሁን እኮ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» አለን።

ከዚያ በኋላ ትንንሾቹ መጀመሪያ ገቡ፤ ስድስት ሆነው። የልደቱ ባለቤት ሰባት ዓመት ስለ ሞላት ከትንንሾቹ ጋራ ትግባ ወይስ ከትልልቆቹ በሚለው ጥቂት ክርክር ተነሣ፤ እርስዋ ግን የአባቷን የእጅ ሰዓት ተቀብላ በመግቢያው ቆመችና እስኪመሽ ድረስ ተራ አስከባሪ ሆነች።